መርከቡን ሳታገኙ አልጋ አትያዙ

(በፍራንክፈርት ለኮሙኒቲያችን አባላት የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ባዶ ወንበር አለ።

ዛሬ የተጠራሁት ስለ ግሪክ ደሴቶች ዕረፍት እንዳወራ ነው። ደሴቶቹን ላሞግስላችሁ አልመጣሁም። ፎቶውን ሁላችሁም አይታችኋል፤ ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ስትጠልቅ ጀንበር። እኔ የማወራው ስለ መረጃው ነው። ኢንተርኔት ላይ ስለ ግሪክ ደሴቶች የተጻፈው መዓት ነው። ቆንጆው መረጃና የሚጠቅመው መረጃ ግን አንድ ቦታ አይገኙም። የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ለዓይን የማይስብ ገጽ ላይ ነው ያለው። የመርከብ ሰዓት፣ የነፋስ ካርታ፣ የአውቶቡስ ድርጅት ማስታወቂያ። ማንም ላይክ አያደርጋቸውም። ጉዞው የሚቃናው ወይም የሚበላሸው ግን በእነሱ ነው።

ስልካችሁን አውጥታችሁ «የግሪክ ደሴት» ብላችሁ በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም ፈልጉ። የሚመጣላችሁ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ነው። ሁለቱም መጥፎ አይደሉም፤ ግን በጣም ውድና በጣም የተጨናነቁ ናቸው። ከ2025 በጋ ጀምሮ መንግሥት በክሩዝ መርከብ፣ ማለትም ቱሪስት ጭኖ ከወደብ ወደብ በሚዞር ትልቅ መርከብ፣ ለሚመጣ ተሳፋሪ በሁለቱ ደሴቶች ላይ በዋናው ወቅት በሰው 20 ዩሮ እስከማስከፈል ደርሷል። ሕዝቡ ስለበዛ ነው። ሌላው ደሴት ታዲያ የት ሄደ? የግሪክ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት እንደሚለው አገሪቱ ወደ 6,000 የሚጠጉ ትልልቅና ጥቃቅን ደሴቶች አሏት፤ ሰው የሚኖርባቸው 227 ናቸው። የፍለጋ ገጹ ከ227ቱ ሁለቱን መርጦ አቀረበላችሁ ማለት ነው። የመረጠው ደግሞ ብዙ ሰው ስለጠቀሳቸው እንጂ ለእናንተ ቤተሰብ ስለሚስማሙ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ካርታ መክፈት ነው። ደሴቶቹ በቡድን በቡድን ናቸው። ሳንቶሪኒ፣ ሚኮኖስ፣ ናክሶስ፣ ፓሮስና ሚሎስ ያሉበት ሲክላዴስ ይባላል። ወደ ቱርክ ተጠግተው ሮድስ፣ ኮስና ፍጥሞ ያሉበት ዶዴካኒስ ነው። ኮርፉ፣ ኬፋሎኒያና ዛኪንቶስ በምዕራብ በኩል በአዮኒያ ባሕር ናቸው። ስኪያቶስና ስኮፔሎስ ስፖራዴስ ውስጥ ናቸው። ለአቴና የሚቀርቡት ኤጊና፣ ፖሮስና ሃይድራ ሳሮኒክ ይባላሉ። በሰሜን ምሥራቅ ሌስቦስ፣ ኪዮስና ሳሞስ አሉ። ቀርጤስ ብቻዋን ናት፤ እሷ በራሷ አንድ ሙሉ ዕረፍት ትፈጃለች።

ይህን ያነሳሁት የጂኦግራፊ ትምህርት ለመስጠት አይደለም። መርከቦቹ የሚሄዱት በቡድን ስለሆነ ነው። አንድ ቡድን ውስጥ ካለ ደሴት ወደ ጎረቤቱ መሄድ ቀላል ነው። ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው መዝለል ግን ቀን ይበላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ መንገድ የለውም። «ሦስት ቀን ሳንቶሪኒ፣ ሦስት ቀን ኮርፉ» የሚል ዕቅድ ብዙ ቦታ ታያላችሁ። በሁለቱ መካከል ቀጥታ መርከብ የለም። ኮርፉ የሚኬደው ከኢጉሜኒትሳ ወደብ ነው፤ እሱ ያለው በሰሜን ምዕራብ ግሪክ፣ አልባኒያ ድንበር አካባቢ ነው። ዛኪንቶስ የሚኬደው ከኪሊኒ ነው። ስኪያቶስ ከቮሎስ። ከአቴና ዋና ወደብ ከፒሬየስ ተነስታችሁ እነዚህን አታገኟቸውም። ያን ዕቅድ የጻፈው ሰው ካርታ አልከፈተም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ መርከብ።

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከአልጋ ነው። ቆንጆ ክፍል እናያለን፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ቶሎ እንይዛለን። ከዚያ ትኬት እንፈልጋለን። ከዚያ መርከብ እንፈልጋለን። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ በምትፈልጉት ሳምንት መርከቡ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚሄድ እዩ። ቀጥሎ አውሮፕላኑን ከእሱ ጋር አገናኙ። አልጋው መጨረሻ ይምጣ።

የመርከብ ሰዓት የት ይታያል? ፌሪሆፐርና ፌሪስካነር የሚባሉ ገጾች አሉ። የብዙ ኩባንያዎችን ጉዞ በአንድ ላይ ያሳያሉ፤ ትኬትም ይሸጣሉ። በስልክ መተግበሪያም አላቸው። ጂቲፒ የሚባል የቆየ የግሪክ የጉዞ ገጽ ደግሞ አለ። መልኩ ያረጀ ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፤ መስመሩን ከነመቆሚያው ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከዚያ የኩባንያዎቹ የራሳቸው ገጾች አሉ፤ ብሉ ስታር፣ ሲጄትስ፣ ጎልደን ስታር፣ በቀርጤስ መስመር ሚኖአን፣ በዶዴካኒስ ደሴቶች መካከል ደግሞ ዶዴካኒሶስ ሲዌይስ። እኔ የምመክረው በጋራ ገጹ ፈልጋችሁ በኩባንያው ገጽ እንድታረጋግጡ ነው። ዋጋውንም አወዳድሩ።

አንድ ሰው የሚደናገጥበት ነገር አለ። ጃንዋሪ ላይ ቁጭ ብላችሁ የጁላይን መርከብ ትፈልጋላችሁ። «ምንም ጉዞ የለም» ይላችኋል። ጉዞ የለም ማለት አይደለም። ኩባንያው ገና አላወጣውም ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ቀን አያወጡም። አንዱ ቀድሞ ያወጣል፤ ሌላው ፀደይ እስኪገባ ያቆየዋል። በመንግሥት ድጎማ ትንንሽ ደሴቶችን የሚያገናኙት መስመሮች ደግሞ ከሁሉም ሊዘገዩ ይችላሉ። ለምሳሌ ናክሶስንና አሞርጎስን ከኢራክሊያ፣ ከስኪኑሳ፣ ከኩፎኒሲያና ከዶኑሳ ጋር የምታገናኝ ኤክስፕረስ ስኮፔሊቲስ የምትባል ትንሽ መርከብ አለች። በእነዚያ ደሴቶች ኑሮ የሚንቀሳቀሰው በእሷ ነው፤ ግን የበጋ ሰዓቷን በጃንዋሪ አትጠብቁ።

ሌላው ቀኑ ነው። ሁሉም መስመር በየቀኑ የሚሄድ አይምሰላችሁ። ከፒሬየስ ወደ ናክሶስ በበጋ በቀን ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ወደ ፍጥሞ ግን በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። ቅዳሜ አቴና ደርሳችሁ መርከቡ ማክሰኞ ቢሆንስ? ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ አትፈልጉ፤ ሙሉውን ሳምንት አገላብጣችሁ እዩ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። በአገራችን አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። የመርከብ ትኬት ላይ ግን ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ትኬታችሁ «ኦገስት 12፣ 00፡05» የሚል ከሆነ ወደብ መገኘት ያለባችሁ ኦገስት 11 ማታ ነው። በ12 ማታ ብትሄዱ መርከቡ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን በወረቀት ጻፉላቸው።

ፈጣኑ ወይስ ትልቁ መርከብ? ሳንቶሪኒ በትልቁ መርከብ ከፒሬየስ ሰባት ስምንት ሰዓት ያህል ነው፤ በፈጣኑ አምስት አካባቢ። የፈጣኑ ዋጋ ብዙ ጊዜ ወደ እጥፍ ይጠጋል። እኔ ትልቁን እመርጣለሁ። ልጆች ይሮጡበታል፣ ውጭ ወጥቶ አየር መውሰድ ይቻላል፣ ሲናወጥም ይሻላል። ፈጣኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው፤ ማዕበል ሲኖር ደግሞ ማን ቁርስ እንደበላ ይታወቃል።

ማዕበልን ካነሳን ስለ ነፋሱ እናውራ። በጁላይና በኦገስት በኤጂያን ባሕር ላይ ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ሆኖ ባሕሩ ይናወጣል። ነፋሱ ሲበረታ፣ በቦፎርት መለኪያ 8 አካባቢ ሲደርስ፣ የወደብ ባለሥልጣናት መርከቦቹን ሊያግዱ ይችላሉ። ቀለል ያሉት ፈጣን መርከቦች ደግሞ ከዚያ ባነሰ ነፋስም ይታገዳሉ። ይህ በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነው፤ የሚያስደነግጥ የለውም። አስቀድሞ የሚታይበት ቦታም አለ። ዊንዲ የሚባለው ገጽ ነፋሱን በቀለም ያሳያችኋል። ሜቴዎ ዶት ጂአር የአቴና ብሔራዊ ኦብዘርቫቶሪ የሚያዘጋጀው የአየር ሁኔታ ገጽ ነው፤ ግሪኮች ራሳቸው የሚያዩት እሱን ነው።

ከዚያ ማሪን ትራፊክ አለ። የመርከቡን ስም ትጽፋላችሁ፤ አሁን ባሕሩ ላይ የት እንዳለ ያሳያችኋል። ወደብ ላይ ቆማችሁ «ዘግይቷል» ሲባል፣ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ራሳችሁ ታያላችሁ። የሚገርመው፣ ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የመርከብ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ይህ ገጽ በ2007 የተጀመረው እዚያው ግሪክ፣ ሲሮስ የምትባል ደሴት ላይ ነው፤ እዚያ ባለው የኤጂያን ዩኒቨርሲቲ ክፍል፣ እንደ ጥናት ሥራ።

መርከብ ቢሰረዝ መብታችሁን እወቁ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1177/2010 መሠረት ጉዞው ከተሰረዘ ወይም መነሻው ከ90 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ምርጫው የእናንተ ነው፤ ወይ ገንዘባችሁ ይመለሳል፣ ወይ በሌላ ጉዞ ትሄዳላችሁ። ምክንያቱ አየር ሁኔታ ከሆነ ግን ካሳም የሆቴል ወጪም አትጠብቁ። ያመለጣችሁን አውሮፕላን ደግሞ የመርከብ ኩባንያው አይከፍልላችሁም። ስለዚህ የመጨረሻዋን ሌሊት ደሴት ላይ አትደሩ። አቴና እደሩ፤ ወይም መመለሻችሁን አውሮፕላን ማረፊያ ካለው ደሴት አድርጉ። ከዚህ ከጀርመን በበጋ በቀጥታ ወደ ሮድስ፣ ኮስ፣ ቀርጤስና ኮርፉ በረራ አለ። በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ለእኛ የማይነግሩን ነገር ላይ ልምጣ። የቀን መቁጠሪያ።

ፋሲካን ግሪኮችና እኛ በአንድ ቀን እናከብራለን። በ2027 ለምሳሌ ሜይ 2 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 24 ቀን 2019። የጀርመኖቹ ፋሲካ ደግሞ በዚያ ዓመት ማርች 28 ነው። ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። የልጆቻችሁ የፋሲካ የትምህርት ቤት ዕረፍት ከእኛ በዓል ጋር አይገጥምም። በሌላ በኩል ግን በእኛ ፋሲካ ሰሞን ጀርመን ቤቱ ነው፤ በረራው ሊረክስ ይችላል። የአገር ውስጡ መርከብ ግን ይሞላል፤ አቴናዊ ሁሉ ወደ ትውልድ ደሴቱ ይሄዳልና። መርከቡን ከአውሮፕላኑ ቀድማችሁ ያዙ የምለው በተለይ ለዚህ ሰሞን ነው። በበዓሉ ዕለት ደግሞ መርከቡ ይቀንሳል።

በዓሉን እዚያ ማየት ለሚፈልግ፣ በኮርፉ ቀዳም ስዑር ረፋድ ላይ ሰዉ ከመስኮትና ከሰገነት ትልልቅ የሸክላ ማሰሮ ወደ መንገድ ይወረውራል። ውሃ ተሞልቶ ነው የሚወረወረው። ፍጥሞ ላይ ደግሞ በጸሎተ ሐሙስ የሕፅበተ እግር ሥርዓት በአደባባይ ይከናወናል። የሥርዓቶቹን ሰዓት የሚያወጡት የየደሴቱ ማዘጋጃ ቤቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በፌስቡክ ገጻቸው፣ በግሪክኛ። ገጹን ራሱ ስልካችሁ ይተረጉመዋል። ማስታወቂያው በፎቶ ከሆነ ደግሞ በጉግል ሌንስ አንብቡት።

ፍልሰታ ላይ ግን እንለያያለን። እነሱ የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩት ኦገስት 15 ነው። እኛ ነሐሴ 16፣ ማለትም ኦገስት 22። በኦገስት 15 ግሪክ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ቲኖስ የምትባለው ደሴት ላይ በ1823 የተገኘች የእመቤታችን ሥዕል አለች፤ ያን ቀን ምእመኑ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በጉልበቱ እየዳኸ የሚወጣም አለ። ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ ያዙ። ለመዋኘት ብቻ ከሆነ የምትሄዱት ያን ሳምንት ዝለሉት።

ለሚጾም ሰው ደግሞ አንድ የፍለጋ ቃል ልስጣችሁ፤ «ኒስቲሲማ»። የጾም ምግብ ማለት ነው። በካርታው ላይ ከምግብ ቤቱ አስተያየቶች ውስጥ ይህን ቃል ፈልጉ፤ አስተናጋጁንም ጠይቁ። ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ በዘይት የተሠራ አትክልት ታገኛላችሁ። ሳንቶሪኒ ላይ ፋቫ የሚባል አለ፤ ከቢጫ ክክ የሚሠራ ነው፣ ቀመስ ስታደርጉት ክክ አልጫችን ትዝ ይላችኋል። ኦክቶፐስና ሽሪምፕ እነሱ ዘንድ ጾም ነው። የዓሣውን ክርክር ዛሬ እዚህ አንከፍተውም።

ወደ አልጋ እንመለስ። ቡኪንግና ኤርቢኤንቢን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አላስተምራችሁም። ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ በግሪክ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት በግብር መሥሪያ ቤቱ ተመዝግቦ ቁጥር ማውጣት አለበት። ኤኤምኤ ይባላል። በማስታወቂያው ላይ መታየት አለበት። ቁጥር የሌለው ቤት ካያችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። «ከዚህ ገጽ ውጪ በባንክ ላክልኝ፣ እቀንስልሃለሁ» ካለ ደግሞ ቻው ብላችሁ ውጡ።

ሁለተኛ፣ ስትደርሱ የሚከፈል ግብር አለ። ለአየር ንብረት ቀውስ የሚሰበሰብ ነው። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ወቅት በ2025 በወጣው ተመን ባለ አንድና ባለ ሁለት ኮከብ ሆቴል 2 ዩሮ፣ ባለ ሦስት 5፣ ባለ አራት 10፣ ባለ አምስት 15 ዩሮ ነው። ለአጭር ጊዜ የሚከራይ አፓርታማ 8 ዩሮ። ይህ በሌሊትና በክፍል ነው እንጂ በሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ በምታዩት ዋጋ ውስጥ አይገባም። አፓርታማ ለሰባት ሌሊት ከያዛችሁ 56 ዩሮ ጨምሩበት። ባለቤቱ እያጭበረበራችሁ አይደለም።

አስተያየት ስታነቡ «አዲሱን አስቀድም» የሚለውን ተጫኑ። ቀጥሎ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡትን አንብቡ። ከዚያ «ደረጃ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ሳንቶሪኒ ላይ ገደሉ አፋፍ ያሉት እነዚያ ቆንጆ ቤቶች ብዙ ደረጃ አላቸው። ሻንጣና ጉልበት የሚያመው እናት ይዞ እዚያ መውረድ ሌላ ጉዳይ ነው። ፎቶው ደረጃውን አያሳይም።

ደግሞም ገጹ መቼ እንደተጻፈ እዩ። በ2025 መጀመሪያ ሳንቶሪኒና አካባቢው በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመትቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ደሴቱን ለቀው ወጥተው ነበር። በኋላ ረግቶ ቱሪስቱ ተመልሷል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ገጽ ይህን አያውቅም።

ወረቀትን በተመለከተ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ወረቀት ስላለ ጠንቀቅ ብዬ ልናገር። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከፓስፖርቱ ጋር ይዞ በሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ሰማያዊ የስደተኛ የጉዞ ሰነድና መኖሪያ ፈቃድ ያለውም እንዲሁ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ፣ ወይም ዱልዱንግ፣ ማለትም ከአገር መባረሩ ለጊዜው የታገደለት ሰው የሚይዘው ወረቀት፣ ያለው ሰው ግን ለሽርሽር ከአገር መውጣት የለበትም። ርካሽ ትኬት አይታችሁ እንዳትሳሳቱ። እናታችሁ በጀርመን ቪዛ ልትጠይቃችሁ መጥታ ከሆነ፣ ቪዛው ለሸንገን አገሮች በሙሉ የሚያገለግል መሆኑን እዩ፤ ከሆነና ቀኑ ካላለፈ ይዛችኋት ልትሄዱ ትችላላችሁ።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚመጣ ዘመድ ካለ ቪዛ ያስፈልገዋል። ዋና መድረሻው ግሪክ ከሆነ የሚጠይቀው የግሪክን ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ይጠየቃል። ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። አሜሪካ ግሪን ካርድ ይዞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝም ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ይህን ሁሉ የምታረጋግጡት በአውሮፓ ኮሚሽንና በግሪክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገጽ ነው። ቀጠሮ እንሸጣለን የሚሉትን ቴሌግራም ላይ ተዉአቸው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። የደሴት አውቶቡስ ኬቴል ይባላል። ብዙ ደሴት የራሱ ኬቴልና የራሱ ገጽ አለው፤ መኪና ሳትከራዩ መቆየት ትችሉ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ለአክሮፖሊስና ለሌሎች የመንግሥት ቅርሶች ትኬቱ የሚሸጠው በባህል ሚኒስቴሩ የኤሌክትሮኒክ ትኬት ገጽ ነው። አክሮፖሊስ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 30 ዩሮ ሆኗል፤ የምትገቡበትን ሰዓትም መርጣችሁ ነው የምትገዙት። ኢንተርኔት ላይ «መስመር ሳትሰለፉ» እያሉ በእጥፍ የሚሸጡ አሉ፤ መጀመሪያ የመንግሥቱን ገጽ እዩ።

ለባሕር ዳርቻ ማይኮስት የሚባል የመንግሥት መተግበሪያ በ2024 ወጥቷል። ዳርቻው ላይ ወንበር የሚያከራየው ሰው ፈቃድ እንዳለው ታዩበታላችሁ፤ ሙሉውን አሸዋ ከያዘው በዚያው ቅሬታ ታቀርቡበታላችሁ። ሲትራክ ደግሞ እኔ በጣም የምወደው ነው። መራመድ የሚቸግረውን ሰው በወንበር አድርጎ በሐዲድ ላይ ወደ ባሕሩ የሚያስገባ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መሣሪያ ነው። የት የት ዳርቻ ላይ እንዳለ በገጻቸው ካርታ ላይ ይታያል። አባቱን ወይም እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ደሴቱን በዚህ ካርታ ቢመርጥ ይሻለዋል እላለሁ።

በበጋ እሳት አለ። በጁላይ 2023 ሮድስ ላይ ወደ 19,000 የሚጠጋ ሰው ከሆቴልና ከቤት እንዲወጣ ተደርጓል። የሲቪል ጥበቃ ሚኒስቴሩ በየቀኑ የእሳት አደጋ ካርታ ያወጣል። በ112 በኩል የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ስልካችሁ ላይ በኃይል ይጮኻል፤ አታጥፉት፣ አንብቡት።

ቻትጂፒቲን እንጠይቀው ወይ የሚል መቼም አይጠፋም። ጠይቁት። ከደሴት ደሴት ለማወዳደር፣ ለባለቤቱ በግሪክኛ መልእክት ለመጻፍ ጎበዝ ነው። የመርከብ ሰዓት ግን አትጠይቁት። ያለፈውን ዓመት ከዘንድሮው ይቀላቅላል፤ የሌለ መርከብም ይፈጥራል፤ ያውም ሳያፍር፣ በእርግጠኝነት።

እሺ፣ ጥያቄዎች።

አንዲት እናት ስለ ፍጥሞ ጠየቁኝ፤ ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ቦታ በእርግጥ ይኬዳል ወይ ብለው።

እናቴ፣ ይኬዳል። በራእይ ምዕራፍ 1 ቁጥር 9 ላይ ያለችው ደሴት ናት። ኢንተርኔት ላይ ግን «ፓትሞስ» ብለው ነው የሚፈልጉት። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከፒሬየስ በትልቁ መርከብ ነው፤ ስምንት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ ሌሊት የሚደርስበት ጊዜ ስላለ ክፍሉን ሲይዙ ባለቤቱ ወደብ መጥቶ እንዲቀበልዎ አስቀድመው ይጻፉለት። ሌላው ከዚህ በቀጥታ ወደ ኮስ በርሮ ከዚያ በትንሹ ፈጣን መርከብ መሄድ ነው። ለእርስዎ ሁለተኛው ይሻላል። ዋሻው በወደቡ በስካላና በላይኛው ከተማ በሖራ መካከል ነው። ከላይ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በ1088 የተመሠረተ ነው፤ በ1999 ከነዋሻውና ከከተማው በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የመክፈቻ ሰዓቱ እንደየቀኑ ይለያያል፤ ጠዋት ብቻ የሚከፈትበት ቀን አለ። ክሩዝ መርከብ የሚገባበትን ቀን ደግሞ ይሸሹ። ነጠላዎን ይያዙ፣ ለአለባበሱ ያግዛል።

አንድ ወጣት ደግሞ በአንድ ሳምንት ስንት ደሴት ልይ አለ። ሁለት። ሦስት ብትል ያየኸው ወደብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ናክሶስና ፓሮስ ይበቁሃል፤ በመካከላቸው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ አባት ነው፤ ሁለት ሕፃናትና ጋሪ ይዤ ፒሬየስ እንዴት እደርሳለሁ የሚል። ከአቴና አውሮፕላን ማረፊያ ሰማያዊው የሜትሮ መስመር፣ ቁጥር 3፣ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ እስከ ፒሬየስ በቀጥታ ይሄዳል። አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ችግሩ ወደቡ ሰፊ መሆኑ ነው። በሮቹ ከኢ1 እስከ ኢ12 ቁጥር አላቸው። የዶዴካኒስ መርከቦች ያሉበት ኢ1 ከሜትሮው በጣም ይርቃል፤ ወደ ሩቆቹ በሮች የሚወስድ ነጻ አውቶቡስ ወደቡ ውስጥ አለ። በር ቁጥሩ ሊቀየር ስለሚችል ጠዋት ኩባንያው የሚልከውን መልእክት እይ። እና ወንድሜ፣ በመነሻው ሰዓት ሳይሆን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረስ። መርከቡ በሩን ሲዘጋ ጋሪ አይቶ አይመለስም።